ሳማና የጉንዳኑ አሲድ

ካሊፎርኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በእግር ጉዞ ላይ ፖይዝን ኦክ የሚሉት ቅጠል ነክቷት፣ ክንዷ ተቆጥቶ ደወለችልኝ። «ያው ሳማ በለው!» አለች። አይደለም። የዚያኛው ተንኮል ቅባት ነው። ቆዳ ላይ ተለጥፎ ይቆይና አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታውን የሚያወጣው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሳማ ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሰባተኛ ክፍል መምህራችን ትዝ አሉኝ። «ሳማ ውስጥ ያለው የጉንዳን አሲድ ነው፤ አመድ ቀቡበት» ይሉን ነበር። ቀባን። ማቃጠሉን አልተወም፤ እኔም ቂሜን አልተውኩም።

ነገሩን ሳጣራ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ኤሜሊንና ፌልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች የአውሮፓ ሳማ ጸጉር ውስጥ ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን ማግኘታቸውን አነበብኩ። ጸጉሩ ጫፉ ሲነካ የሚሰበር ውስጠ ክፍት መርፌ ነው፤ የያዘውን ቆዳችን ውስጥ ይጨምራል። የጉንዳኑ አሲድ ቢኖርም መጠኑ ለዚያ ሁሉ ዋይታ የሚበቃ አይመስልም። መምህሬን ረታኋቸው ስል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታይዋን ተመራማሪዎች ሕመሙ እንዲቆይ የሚያደርጉት ኦክሳሊክና ታርታሪክ አሲድ ናቸው ብለው ጻፉ። ስለዚህ አሲዱን ለመምህሬ እተውላቸዋለሁ፤ ጉንዳኑን ግን አልሰጥም። እንግሊዞችማ ሳማ ሲነካቸው የእኛን ቱልት ዘመድ ቅጠል ያሻሉ፤ እሱ ራሱ ኦክሳሊክ አሲድ አለበት! አሲድን በአሲድ ማብረድ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ይህ ሁሉ የተጠናው በሌላ አገር ሳማ ላይ ነው። የእኛው ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል፤ ስሙን የሰሜን ተራሮች ወሰዱት፣ የእኛ የወሎው የጦሳ ተራራ ሳማ ከማን እንደሚያንስ አልገባኝም። በክረምት፣ ጎተራ ሲሟጠጥ፣ ለጋው ቅጠል ተቀቅሎ የስንቱን የወሎ ደገኛ ቤት አሻግሯል፤ ከፈላ በኋላ መለብለቡን ይተዋል።

ሳማን ከሌላ ቅጠል ለመለየት፣ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፣ ዳራቸውም መጋዝ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን ሲኬድ፣ ሞቅ ባለው አገር፣ ቁጥቋጦ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ከለበለበዎ አለብላቢት ይሆናል፤ የእሱ ቅጠል ተራ በተራ ነው የሚወጣው። የሚያስቸግረው ዳማከሴ ነው። እሱም ጥንድ ቅጠል አለው፣ ዳሩም ጥርስ ጥርስ ነው፣ አጥር ሥር ከሳማ ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል። ምች የመታው ሰው ተጣድፎ ሲቀጥፍ የትኛውን እንደያዘ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በጠረኑ ለዩት ይላሉ አዋቂዎች፤ እውነት ነው፣ ዳማከሴ ይሸታል። ግን ያልለዩትን ቅጠል ማን አፍንጫው ሥር ያስጠጋል?