ሰባት ቤት የተቆጠረለት ፊልም

አጎቴ ጎንደር አራዳ ካለው ቤታቸው፣ ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጎትተው አወጡና "ዓይኔ እያየ አንድ ነገር አድርጋቸው" ብለው አስታቀፉኝ። ስከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። ውስጡ እየተቆረጠ በደብዳቤ ፖስታ የታጨቀ ኔጋቲቭ ነው። ጋሼ በጉብዝናቸው ጊዜ ካሜራ በትከሻቸው አንጠልጥለው በየዓመቱ ከጥምቀተ ባሕሩ አይጠፉም ነበር። ሽታው ግን የደስታ አይደለም፤ ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት ሲፈርስ የሚተፋው አሲድ ነው። ቀን ተቆርጦለታል ማለት ነው።

አንዷን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አነሳኋት። ጠጉሩ ጥጥ የመሰለ፣ ጥርሱ እንደ ከሰል የጠቆረ ሰው ይስቃል።

"ጋሼ፣ እኒህ ሽማግሌ ማን ናቸው?"

"ምን ሽማግሌ ትላለህ! እኔ ነኛ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ጊዜ።"

ፎቶ ቤት ወረድኩ። አማርኛችን ታማኝ ነውና ዛሬም ፎቶ "እናሳጥባለን"፤ ውሃ የሚነካው ግን የለም። ልጁ ቁራጯን አገላብጦ አየና "ወንድሜ፣ በቴሌግራም ልትልክልኝ አትችልም?" አለኝ። ስካነር ፍለጋው እዚህ ላይ ተጀመረ፤ ያውም ርካሽ።

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔም የጋሼን ፊልም ላላወቅሁት ማሽን ከመዳሬ በፊት ዘር መቁጠር ያዝሁ። ፊልሙ ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር ነው። አባቱ ኮዳክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ያቺን ቀለህ የምትመስል ማቀፊያ ያወጣለት። አያቱ ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ነው፤ የሲኒማ ፊልም በትንሽ ካሜራ ከትቶ፣ የምስሉን ስፋት እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ያደረገው። ካሜራው ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ወጣ። ቅድመ አያቱ ደግሞ ከኤዲሰን ዘንድ ይሠራ የነበረው ዲክሰን ነው፤ የ70 ሚሊ ሜትሩን ፊልም ቁመቱን ይዞ ለሁለት የሰነጠቀው። ለካ ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስቀመጡት ግማሽ ፊልም ኖሯል።

በስካነሩም በኩል ቆጠርሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ኪርሽ የሚባል አሜሪካዊ፣ የመንግሥት የመለኪያና የደረጃ መሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ ምስልን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ማሽን ሠራ። ለሙከራም የሦስት ወር ልጁን ፎቶ አመጣ። ምስሉ 176 በ176 ነጥብ ብቻ ነበር። የቤተሰብ ፎቶ ማዳን ከዘሩ ነው ማለት ነው። "ደኅና ቤት ነው" አልሁ፤ ጋብቻው ተፈቀደ።

የቀረው ጥሎሹ ነው። በርካሹ በኩል እንደ ኮዳክ ስላይድ ኤን ስካን ያሉ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። እነዚህ ስካነር ተባሉ እንጂ ሆዳቸው ውስጥ ካሜራ ያለባቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ቀጭ አድርገው ይጨርሳሉ። ከፍ ሲል እንደ ኤፕሰን ቪ 600 ያለው፣ መብራቱ ክዳኑ ላይ ያለ ጠፍጣፋው ነው፤ ሰፊውን የ120 ፊልምም ይቀበላል። እንደ ፕለስቴክ ኦፕቲክፊልም 8100 ያለው ደግሞ ከ35 ሚሊ ሜትር ሌላ አያስገባም፤ አንድ ባንድ በእጅ እየገፉ ማጉረስ አለ፤ ምስሉ ግን የጠራ ነው። ካርቶኑ ላይ 6400፣ 7200 ተብሎ የሚጻፈው የቅዳሜ ገበያ የመጀመሪያ ጥሪ ነው፤ ሌንሱ የሚሸጠው ከዚያ ወርዶ ነው። ደግሞስ በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ ከልቡ ከሰጠ ምን ጎደለ? ያቺ ትንሽ ምስል 3400 በ2270 ገደማ ነጥብ ይወጣታል፤ ኤ4 ወረቀት ለመሙላት ይበቃል።

ጥሎሹን የከፈለችልን ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ያገለገለ ማሽን በሻንጣዋ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ፊልሙን ገልብጬ አስገባሁት። "ሰዓቴን በቀኝ እጄ አስሬ አላውቅም" አሉ ጋሼ። ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ሲነበብ ነው ለካ ልክ የሚሆነው። ቀጥሎ "አቧራ አጥፋ" የሚለውን ነካሁ። ጋሼ ፊታቸው ተቦዳድሶ፣ ግንባራቸው ቀልጦ ወጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ዓይን የማያየው ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ የቀለም ፊልምን ዘልቆ ሲያልፍ አቧራ ላይ ይቆማል፤ ማሽኑም የቆመበትን ሁሉ ይጠግናል። የጋሼ ዓይነቱ የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ግን ብር ነው፤ ብርም ያንን ብርሃን አያሳልፍ። ይህንን ሳስረዳቸው ጋሼ ኮስተር አሉ።

"ታዲያ እኔን ነው አቧራ ያለው?"

ቁልፉን አጠፋን። በጎማ መንፊያ እፍ እያልን፣ በለስላሳ ብሩሽ እየጠረግን ሦስት ማታ አመሸን።

የመጀመሪያዋን ፎቶ አሳጥቤ፣ አይ፣ አሳትሜ ይዤላቸው ሄድሁ። ጠጉሩ ጥቁር፣ ጥርሱ ነጭ ጎረምሳ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው አዩት፤ አራቅ አድርገው ደግመው አዩት። ከዚያ ቆርቆሮውን አስከፍተው ቁራጯን መዘዙና ወደ መስኮቱ አነሷት። ነጭ ጠጉር፣ የጠቆረ ጥርስ። ፊልሙን ከሽበታቸው ጎን አስጠግተው ጥርስ ባልቀረበት አፋቸው ሳቁ።

"እኔስ ይኸኛው ነኝ።"