በከርነል ቤት ውስጥ ያለው እንግዳ

ብዙ ሰው ኮምፒውተር ሲበራ ባዮስ የሚባለው ነገር ለአፍታ ብቅ ብሎ፣ የአምራቹን አርማ አሳይቶ፣ ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ አስረክቦ የሚሄድ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአሮጌውን ባዮስ ቦታ የተካው ዩኢኤፍአይ የተባለው ፈርምዌር ሙሉ በሙሉ አይሄድም። አብዛኛው ክፍሉ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል።

ለምን ይቀራል? ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለሚፈልገው ነው። ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚወስኑት መዝገቦችና የሴኪዩር ቡት ቁልፎች ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ይቀመጣሉ። እነሱን ለማንበብና ለመለወጥ ከርነሉ የፈርምዌሩን ኮድ መጥራት አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮድ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ያለበት የሜሞሪ ገጽ የማስኬድ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ ከርነሉ ያልጻፈውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ሶርስ ኮዱ ለማንም የማይታየውን ፕሮግራም በገዛ ቤቱ ያስተናግዳል። ያውም እንደ ተራ ፕሮግራም ሳይሆን በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን። ብራውዘር ቢሳሳት የሚዘጋው ብራውዘሩ ነው። ይህ ኮድ ቢሳሳት ግን ማሽኑን በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

የደህንነት ባለሙያዎች አንድ የጸና ሕግ አላቸው፦ የሚጻፍበት ገጽ ኮድ አያስኬድ፣ ኮድ የሚያስኬድ ገጽ አይጻፍበት። ሁለቱ ፈቃዶች አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ ሰርጎ ገብ የራሱን ኮድ ጽፎ እዚያው ሊያስኬደው ይችላል። የቀድሞ ፈርምዌሮች ግን ኮዳቸውንና ዳታቸውን አንድ ላይ አደባልቀው ያቀርቡ ነበር። ከርነሉም ሁለቱንም ፈቃድ አንድ ላይ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኢኤፍአይ 2.5 ደንብ ኮድና ዳታ ተለያይተው እንዲቀርቡ መንገድ ከፈተ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ውጤቱ ግን አዲስ ጣጣ ሆነ። የፈርምዌሩ ኮድ ዳታውን የሚያገኘው «ከእኔ ይህን ያህል ርቀት ላይ ነው» ብሎ በመቁጠር ነው። ከርነሉ ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ሲያስቀምጣቸው ርቀቱ ተዛባ፤ ማሽኖችም ገና ሲነሱ መውደቅ ጀመሩ። በ2016 የወጣው 2.6 ደንብ የተሻለ ዘዴ አመጣ፦ ክልሉ እንዳለ ሆኖ፣ በውስጡ ለየትኛው ክፍል ምን ፈቃድ እንደሚገባ የሚናገር ሰንጠረዥ።

ሊኑክስ በበኩሉ ለእንግዳው የተለየ ክፍል ሠራለት። በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ለፈርምዌሩ 64 ጊጋባይት የሚያህል የአድራሻ ክልል ተመድቦለታል። የራሱ የገጽ ሰንጠረዥም አለው፤ ሰንጠረዡ የሚነሳው ጥሪ ሲኖር ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ኮዱ በጥሪው መሐል የማይገባው ገጽ ውስጥ እጁን ቢያስገባ፣ ከርነሉ ከዚያ በኋላ እሱን መጥራት አቁሞ ማሽኑን ለማትረፍ ይሞክራል።

ይህ ሁሉ ግን ስህተትን እንጂ ሌባን አያስቆምም። የከርነሉን ሥልጣን የያዘ ኮድ ክፉ ሐሳብ ካለው ግድግዳውን ራሱ ማፍረስ ይችላል።

ታዲያ ለምን ጨርሶ አይባረርም? ይቻላል። ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቱን እንዲዘጋው ማዘዝ ይቻላል፤ ለጊዜ ጥብቅ በሆኑት ሪል ታይም ከርነሎች ላይማ ጥሪው ሥራ ስለሚያዘገይ ሳይታዘዝም ዝግ ነው። ዋጋው ግን አለ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የቡት መዝገቡን ራሱ ማስተካከል አይችልም። ክፍት መተውም የራሱ ዋጋ አለው። በ2016 ሁሉንም ፋይል የሚሰርዝ ትዕዛዝ የሰጠ ተጠቃሚ የፈርምዌሩን መዝገቦችም አብሮ አጠፋ፤ ላፕቶፑም ዳግም አልነሳ አለ። ፋይል ሲጠፋ ማዘርቦርድ መሞት አልነበረበትም፤ ፈርምዌሩ ግን መዝገቦቹን ሲያጣ መቋቋም አልቻለም። ከዚያ በኋላ ሊኑክስ አብዛኞቹን መዝገቦች በቀላሉ እንዳይሰረዙ ቆለፋቸው።

ትክክለኛው መንገድ እንግዳውን እንደ ቤተሰብ ማመንም፣ በር ዘግቶ ማባረርም አይደለም። የሚያስፈልገውን ያህል ቦታ፣ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ከሚያስፈልገው ፈቃድ ጋር መስጠት ነው።

የቀረው የባለቤቱ ድርሻ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተምን መቀየር ይቻላል፤ ፈርምዌሩን ግን በአብዛኛው የሚያድሰው አምራቹ ብቻ ነው። አምራቹ ድጋፉን ያቆመበትን ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው፣ ዋጋ ሲከራከር ራምና ባትሪ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው የፈርምዌር እድሳት መቼ እንደወጣም ቢጠይቅ አይከፋም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ከርነሉ ጠርጥሯል። ባለቤቱስ?