ሁለተኛ ምስክር፦ ለማያይ ነጋዴ የሚናገር ስልክ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ምንዛሪም ስለ ቀረጥም አይደለም። ካሜራው ያየውን በድምፅ ስለሚናገር ስልክ ነው። «ይሄ ከንግድ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

እዚህ ኬንያ ሞያሌ፣ ከእኔ ሱቅ አጠገብ አጎቴ ይነግዳሉ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ብስኩት ነው የሚሸጡት። ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶ ከጨረሰው ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሱቃቸውን ግን አልዘጉም። የቱ ዕቃ የት እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስኳሩን በእጃቸው አንስተው ኪሎውን ሲናገሩ ሚዛኑ ብዙም አያሳፍራቸውም። የሚያስቸግራቸው የገንዘብ ኖትና የተጻፈ ነገር ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ የገንዘቡ ነገር ከሌላው ቦታ ይከብዳል። አንዱ ደንበኛ በሽልንግ ይከፍላል፣ ቀጣዩ በብር፣ ሦስተኛው ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ። አጎቴ ለዓመታት በጣታቸው የለመዱትን ኖት ሁለቱም አገሮች ተከታትለው ቀየሩባቸው። ኬንያ በጁን 2019 አዳዲስ ኖቶች አወጣች፤ የድሮው 1000 ሽልንግ በዚያው ዓመት ከሴፕቴምበር በኋላ መሥራት አቆመ። ዓመት ከምናምን ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 2020፣ ኢትዮጵያም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀይራ አዲስ የ200 ብር ኖት ጨመረች። አዲሱ የኬንያ ኖት ለማያዩ ሰዎች በጣት የሚለይ ምልክት አለው። ገበያ ውስጥ ሲታጠፍና ሲያረጅ ግን ያ ምልክት ይጠፋል።

ኮሜርስ ስንማር ከውስጥ ቁጥጥር ትምህርት ዛሬም ያልረሳሁት አንድ ነገር አለ፦ ገንዘብ የሚቀበለውና የሚያረጋግጠው አንድ ሰው አይሁን። የአጎቴን ሱቅ በዚህ ዓይን ስታዩት ችግሩ ይገባችኋል። ደንበኛው ይከፍላል፤ «አንድ ሺህ ነው» ብሎ የሚያረጋግጠውም ያው ደንበኛ ነው። አብዛኛው ሰው ሐቀኛ መሆኑን አልክድም። ቁጥጥር የሚሠራው ግን ሰው ሁሉ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን ማንም በከንቱ እንዳይጠረጠር ነው።

አንድ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ 800 ሽልንግ ጎደለ። ሱቁ ውስጥ የሚያይ ሰው ቢኖር የሚያግዛቸው ልጅ ብቻ ነው። ልጁ ወስዶት ይሁን ወይም አንድ ደንበኛ 200ውን «1000 ነው» ብሎ መልስ ተቀብሎ ሄዶ ይሁን፣ ማወቅ አልተቻለም። ልጁ በሳምንቱ ሥራውን ትቶ ሄደ። ሌባ ነው ያለው ሰው አልነበረም፤ አይደለም ብሎ የቆመለትም አልነበረም። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ስልኩ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ናይሮቢ ያለች ልጃቸው ስማርት ስልክ ላከችላቸውና መጀመሪያ ቶክባክን ከፈትንላቸው። ቶክባክ አንድሮይድ ስልክ ላይ ጣት የነካውን ሁሉ የሚያነብ ነው። የኤም-ፔሳ መልእክት ሲገባ መጠኑንና የላኪውን ስም ይነግራቸዋል። ስለዚህ በስልክ የሚከፍል ደንበኛ ለአጎቴ ከጥሬ ገንዘብ ይሻላቸዋል።

አካባቢን የሚገልጹት አፖች ሌላ ናቸው። ቢ ማይ አይስ በ2015 ከዴንማርክ የተነሳ ነው፤ ያሰበው ሃንስ ዮርገን ቪበርግ ራሱ የማየት ችግር ያለበት ሰው ነው። ስትደውሉ አንድ በጎ ፈቃደኛ በካሜራችሁ አይቶ ይነግራችኋል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ፎቶ ሲነሳ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ራሱ ይገልጻል። የማይክሮሶፍት ሲኢንግ ኤአይ በ2017 ለአይፎን ወጣ፤ ለአንድሮይድ የደረሰው በ2023 መጨረሻ ነው። የጉግል ሉክአውት በ2019 መጣ። ጽሑፍ ያነባሉ፣ የዕቃ ባርኮድ ይለያሉ፣ ፊት ለፊት ያለውን ይናገራሉ።

ይሁንና ሲሠሩ እኛን አስበው አይደለም። የሉክአውት የገንዘብ መለያ ሲጀምር የሚያውቀው የአሜሪካን ዶላር ነበር፤ ቀጥሎ ዩሮና የህንድ ሩፒ ተጨመረ። ከእነዚህ አንዱም ወደ አጎቴ መሳቢያ አይገባም። ስለዚህ እርሳቸው የሚጠቀሙት ፎቶ አንስቶ የሚገልጸውን ክፍል ነው። ብርሃን ካለና ኖቱ ካልታጠፈ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል። እንግሊዝኛቸው ብዙ ባይሆንም «ቱ ሃንድረድ» እና «ዋን ታውዘንድ» ለየትኛው ነጋዴ ይጠፋዋል! አማርኛ የሚያነብ ኢስፒክ የሚባል ነፃ ድምፅም አለ፤ እንደ ቆርቆሮ ቢንቋቋም ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ደንበኞች ቅር ይላቸው ነበር። አንዱ «አላመኑኝም እንዴ?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። አጎቴ «አምንሃለሁ ልጄ። ነገ ሲጎድል እንዳልጠረጥርህ ነው» አሉት። የኮሜርስ መምህሮቼ እንኳ እንዲህ አሳጥረው አላስረዱኝም።

መጠንቀቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ይህ ስልክ ሲሳሳትም በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው፤ ትልልቅ ኖቶችን ሁለት ጊዜ ማስነበብ ይሻላል። መንገድ ለመሻገር አትመኑት፤ አፖቹም ራሳቸው ይህን ያስጠነቅቃሉ። ከድንበር ጣቢያው በሚወጡት የጭነት መኪኖች መሃል የሚያዋጣው ነጩ በትርና የሰው ክንድ ነው። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም በጎ ፈቃደኛ አታሳዩ፤ ስልኩ ሲያነብም ኢርፎን አድርጉ።

እኛ የምናይ ነጋዴዎች ደግሞ የምናደርገው አለ። ለማያይ ሰው ስትከፍሉ ኖቱን አንድ በአንድ እየጠራችሁ ዘርግታችሁ ስጡ፣ ፎቶ እስኪያነሳም ታገሱ። ዕቃችሁ እስኪለቀቅ ድንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሰዓት ስትቆጥሩ ቋንቋችሁን መርጣችሁ በቢ ማይ አይስ በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝገቡ። አዲስ አበባና ናይሮቢ ኮምፒዩተር የሚማሩ ልጆች ያሏችሁም ንገሯቸው፦ ብርና ሽልንግን ለይቶ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ የሚናገር አፕ ቢሠሩ ገበያው እዚህ ነው። አጎቴ የመጀመሪያው ደንበኛ ይሆናሉ፤ ክፍያውንም ራሳቸው ቆጥረው ይሰጣሉ።