የሩጫ ደቦ፣ የቤት ወንፈል

ሰው ለሰው የሚያደርገው ርዳታ በገንዘብና በእህል ብቻ አይለካም። ጉልበት ይለገሳል፤ ጊዜም ይለገሳል። በዘመናችን ከጉልበት ልግስናዎች አንዱ በእግር የሚሰጠው ሆኗል። ሯጩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ለመሮጥ ቃል ይገባል፤ ወዳጅ ዘመዱና የሥራ ባልደረባው በቃሉ ላይ ገንዘብ ያዋጣል፤ የተዋጣውም ለሕሙማን፣ አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት ወይም ለተራበ ወገን ይደርሳል። የበጎ አድራጎት ማራቶን የሚባለው ይኸው ነው። ስለ ሯጩ ብዙ ተጽፏል፤ ጎሕ ሲቀድ ትቶት ስለሚወጣው ቤት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ ቤት ይነሣል።

ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ አቀስታን አልፎ የሚዘልቀው መንገድ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከመካነ ሰላም ያደርሳል። በሰሜን የአማራ ሳይንት ተራሮች፣ በምዕራብ የዓባይ በረሃ ያዋስኑታል። የጓሳ ሣር በሚበቅልበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በሚኖሩበት በዚህ ደጋ ሩጫ ስፖርት ከመባሉ በፊት ኑሮ ነበር። እረኛው በጉን ለመመለስ ይሮጣል፤ ተማሪው ደወል እንዳያመልጠው ይሮጣል። ከሁሉ በላይ ግን በቃሬዛ የሚደረገው ጉዞ አለ። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት እናት ወይም በድንገት የታመመ ጎረቤት ሲኖር፣ ጎልማሶች ቃሬዛውን በትከሻ ይዘው ዳገቱን በሶምሶማ ይወጡታል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ማንም ሰዓት አይዝላቸውም፤ ሜዳልያም አይሸለሙም። የበጎ አድራጎት ሩጫ ከባሕር ማዶ መጣ የሚባል ከሆነ፣ የመጣው ስሙ እንጂ ግብሩ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ በያዘው መልክ የተደራጀው በውጭ አገር ነው። በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው የለንደን ማራቶን ለበጎ አድራጎት ገንዘብ በማሰባሰብ ረገድ ከዓለም ታላላቅ ውድድሮች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ወሎ ደግሞ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘችው በመከራዋ ቀን ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብ የወሎን ስም በዓለም ጆሮ አስተጋባው። ግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. «ስፖርት ኤይድ» በተባለው እንቅስቃሴ ለአፍሪካ ረኀብተኞች ርዳታ ለማሰባሰብ በብዙ አገሮች በአንድ ቀን ሩጫ ተካሄደ። ሱዳናዊው ሯጭ ዑመር ከሊፋ ከአገሩ የተነሣውን ችቦ የአውሮፓን ከተሞች አቋርጦ ኒው ዮርክ በሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደጃፍ አደረሰው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሮጠ፤ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይም ተሰበሰበ። በአገራችንም በ1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት 10,000 ያህል ተሳታፊዎችን አሰልፎ ተጀመረ፤ በኋላም በሩጫ ርዳታ የማሰባሰብን ልማድ አስፋፋ። ትናንት ተቀባይ የነበረው ደጋ ልጆች ዛሬ ሰጪ ለመሆን ቢነሡ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሊያስመሰግን እንጂ።

ነገር ግን ምስጋናው ሒሳብ ከመሥራት አያድንም። ለማራቶን በአግባቡ የሚዘጋጅ ሰው 16 ሳምንት ያህል መሠልጠን ይኖርበታል። በሳምንት 8 ሰዓት ቢሮጥ በጠቅላላው 128 ሰዓት ይሆናል። ይህም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት ማለት ነው። የውድድሩ ዕለት አራት ሰዓት ቢፈጅ ከዚህ ሁሉ እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። ሕዝብ የሚያጨበጭበው ለአራቱ ሰዓት ነው፤ መቶ ሃያ ስምንቱን ሰዓት የሚያየው ቤተሰብ ብቻ ነው። ታዲያ እነዚያ 16 ቀናት ከየት መጡ? ከሰማይ አልወረዱም፤ ከአንድ ቤት ተቆርሰው የወጡ ናቸው።

በመካነ ሰላም የሚኖር፣ ሁለት ልጆች ያሉት አንድ መምህር በዓይነ ሕሊና ይታሰብ። ለሕፃናት ሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ሊሮጥ ቃል ገብቷል። ውርጩ ሳይገፈፍ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ አንድ ብርጭቆ በሶ ጠጥቶ ይወጣል። እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱን ሲያያዝ ሚስቱ እሳት ታነዳለች፤ ውሃ ታደርሳለች፤ ትልቁን ልጅ ቀስቅሳ፣ ትንሹን አዝላ ቁርስ ታሰናዳለች። ከዚያም እሷ ራሷ ሥራ ትገባለች። እሑድ ሦስት ሰዓት ሮጦ የተመለሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ጋደም ማለቱ አይቀርም። ቅሬ ሲጠራ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ የታመመ ሲጠየቅ የቤቱን ፊት ይዛ የምትሄደው እሷ ናት። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልቡ ርኅሩኅ ስለሆነ ነው የሚሮጠው። ችግሩም ከዚህ ላይ ነው። ጠጪው ባል ሲወቀስ የሚሰማው ያገኛል፤ ለበጎ ነገር የሚሮጠውን ባል ግን ማን ደፍሮ ይወቅሳል? የሥራው ቅድስና የሚስቲቱን አፍ ይዘጋዋል።

አንድ ቀን ግን ቃል ይወጣታል።

«አትሩጥ አላልኩም» ትለዋለች። «የሮጥክበትን ሰዓት እቤት ማን እንደሮጠልህ እወቅ ነው ያልኩ።»

«ለራሴ ብዬ መሰለሽ?»

«ለሰው ብለህ ነው። እኛስ ሰው አይደለንም?»

ለዚህ ጥያቄ በሜዳልያ መልስ አይሰጥም። አበው «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ቀጋ እሾኹ የሚወጋው ቀርቦ የሚነካውን ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው አበባው ያምራል። ለማያውቀው ሕፃን እንደ አልጋ የተመቸ ሰው ለገዛ ልጁ እሾኽ ከሆነ፣ ልግስናው ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው መስጠት ይሆናል።

የአገራችን የሩጫ ታሪክ ራሱ ይህን የቤት ድርሻ ይመሰክራል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በድል ሲገባ፣ ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ከተጋቡ ገና ስድስት ወር አልሞላቸውም ነበር። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከማይታዘዙለት ደረጃ ሲደርስ የአደባባዩ ጭብጨባ ቀዘቀዘ፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ባለቤቱና አራት ልጆቹ የኖሩት ከሮም ጀግና ጋር ብቻ ሳይሆን ከተሽከርካሪ ወንበሩም ጋር ነበር። እግር ሲከዳ የሚቀረው ቤት ነው። ሯጯ እናት ስትሆን ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። ደራርቱ ቱሉ ልጅ ከወለደች በኋላ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። እንዲህ ያለችው እናት ስትሮጥ «ልጆቹን ማን ይዟል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አባት ሲሮጥ ግን ይህን የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው ለሁለቱም ወይ ይነሣ፣ ወይ ለሁለቱም ይቅር።

መፍትሔውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የደጋው ገበሬ ጉልበትን የሚያዋጣበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ደቦ ነው፤ በወሎ ጅጌ ይሉታል። ባለጉዳዩ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የመጣው ሰው ደግሞ ቀን ቆጥሮ «መልስልኝ» አይልም። ሁለተኛው ወንፈል ነው። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስበት ነው፤ ዛሬ ለእኔ ያረስክልኝን ነገ ሄጄ አርስልሃለሁ። ቀኑ ካልተመለሰ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የዘነጋ ገበሬም በሚቀጥለው ክረምት ብቻውን ያርሳል። ደቦ የልግስና፣ ወንፈል የፍትሕ ሥርዓት ነው ቢባል ያስኬዳል።

የበጎ አድራጎት ሯጭ ለሩቁ ወገን የሚሮጠው ሩጫ ደቦ ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። ከቤቱ የወሰደው ጊዜ ግን ወንፈል ነው፤ ሰዓት በሰዓት መመለስ አለበት። ስሕተቱ የሚጀምረው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ሯጩ ራሱ በፈቃዱ ለደቦ ወጥቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሳይጠይቅ ደቦ ያስወጣቸዋል። ያልተጠየቀ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ግን ስጦታ አይባልም፤ ግብር ነው።

ስለዚህ መምህሩ ቃሉን ለወዳጆቹ ከመስጠቱ በፊት እቤቱ ተቀምጦ መምከር ይገባዋል። እሱ ማክሰኞና ሐሙስ ንጋት ሲሮጥ፣ ሰኞና ረቡዕ ንጋት እሳቱን የሚያነደው፣ ልጆቹንም የሚያሰናዳው እሱ ይሁን፤ ሚስቱም ያን ሰዓት ለእንቅልፍ፣ ለንባብ ወይም ከፈለገች ለራሷ ሩጫ ታውለው። እሑድ ጠዋት ከወሰደ እሑድ ከሰዓት በኋላውን ይመልስ፤ «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ዕዳ አይሰርዝም። በመከር ወራት ወይም ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ሲኖር ማራቶኑ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠር፤ አለዚያም ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ። ርዳታ የሚያስፈልገው ሕፃን ገንዘቡን እንጂ የሯጩን የርቀት ብዛት አይጠይቅም።

ቃሬዛ ተሸካሚዎቹም ያለዚህ ሥርዓት ከደጃፋቸው ባልራቁ ነበር። እነሱ ዳገቱን ሲወጡ፣ ቤት የቀረው ጎረቤት ከብታቸውን ያስገባል፤ ማሳቸውን ይጠብቃል። ሕመምተኛዋ ድና ስትመለስ የምታመሰግነው የተሸከሟትን ብቻ አይደለም፤ መንደሩን ነው። የበጎ አድራጎት ሩጫን የሚያደራጁ፣ የሚያስተምሩና በጽሑፍም በሥዕልም የሚያወድሱ ሁሉ ይህን ሊያስተውሉት ይገባል። በለጋሾች መዝገብ የሯጩ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ የቤተሰቡም ስም ይጻፍ፤ መቶ ሃያ ስምንቱን ሰዓት አብረው ሰጥተዋልና።