ወንጀለኛው ሳይያዝ መብራት ሲበራ

«አክተር አይሞትም።» ይህን ሕግ በየከተማችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የተማርን ብዙዎች ነን። ጥይት እንደ ዝናብ ቢወርድ አክተሩን አያገኘውም፤ ቢያገኘውም ትከሻው ላይ ነው። ቦሱ ደግሞ ፊልሙ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የእጁን ያገኛል። እኛም የከፈልናት ሳንቲም አልባከነችም ብለን አቧራችንን አራግፈን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሴራ፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት የሚሉ ቃላትን ስንማር ያው የሰፈራችን ሕግ ካባ ደርቦ የመጣ መሰለን። የተቋጠረው ሁሉ መጨረሻ ላይ መፈታት አለበት።

ታዲያ ሳይፈታ የሚያልቅ የወንጀል ፊልም ሲገጥመን ምን እንበል? «ዳይሬክተሩ ሰነፍ ነው» የሚል ጓደኛ አለን። «ገንዘብ አልቆበት ነው» የሚልም አይጠፋም። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንከራከረው ግን ወዲህ ነው፤ «ወንጀለኛው የግድ ይያዝልን» የሚለው የተመልካች ጥያቄ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ነገሩን ከአሜሪካ እንጀምር። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን። የሆሊውድ ኩባንያዎች በ1930 አንድ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በተለምዶ «የሄይስ ደንብ» ይባላል። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሲሠራበት ኖሮ በ1968 በዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ ተተካ። ከደንቡ ነጥቦች አንዱ የተመልካች አዘኔታ ወደ ወንጀሉ ወገን እንዳያጋድል የሚል ነበር። በተግባር ሲተረጎም፣ የገደለ ይሞታል ወይም ይታሰራል፤ የሰረቀም ከሰረቀው ሳይበላ ይቀራል ማለት ነው።

በ1956 የወጣው «ዘ ባድ ሲድ» ይህ ደንብ ምን እንደሚያሠራ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በአማርኛ «ክፉ ዘር» እንበለው። ታሪኩ የዊልያም ማርች ልቦለድ ነው፤ ማክስዌል አንደርሰን ተውኔት አድርጎት በመድረክ ታይቷል። ባለታሪኳ ጸጉሯ የተጎነጎነ፣ አነጋገሯ የታረመ፣ ሰው የምትገድል የስምንት ዓመት ልጅ ናት። በልቦለዱም ሆነ በመድረኩ መጨረሻ ላይ ልጅቷ በሕይወት ትተርፋለች። ፊልሙ ግን እንዲህ ብሎ ማለቅ አልተፈቀደለትም። ታዲያ ምን ተደረገ? መብረቅ መጣ! ልጅቷ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ወደ ውሃው ዳር ስትወጣ መብረቅ መታትና ነገሩ አለቀ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ተዋንያኑ አንድ በአንድ እየወጡ ተመልካቹን እጅ ከነሡ በኋላ፣ እናት ሆና የሠራችው ተዋናይት ልጅቷን ጭኗ ላይ አጋድማ ቂጧን ትመታታለች። «አይዟችሁ፣ ጨዋታ ነው» ማለት መሆኑ ነው።

ይህን ፊልም ዶርም ውስጥ በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን ስናይ ሳቃችን ሌላ ነበር። ሳቁ ሲበርድ አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን፣ «እሺ፣ መብረቁ የፈረደው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እውነትም ለማን ነው? ለሞቱት አይደለም። ተመልካቹ ሰላማዊ እንቅልፍ እንዲተኛ ሲባል ሰማይ ራሱ ተቀጠረ እንጂ።

ደንቡ በቀረ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1974፣ «ቻይናታውን» ወጣ። ደራሲው ሮበርት ታውን በመጀመሪያ ሲያስበው፣ ባለጸጋው ኖሃ ክሮስ በገዛ ልጁ በኤቭሊን እጅ እንዲሞት ነበር። ዳይሬክተሩ ሮማን ፖላንስኪ ግን እምቢ አለ። በተሠራው ፊልም የምትሞተው ኤቭሊን ናት፤ ያውም በፖሊስ ጥይት። ከተማውን በውሃና በመሬት የሚመዘብረው፣ የገዛ ልጁን የደፈረው ክሮስ፣ ከዚያ የተወለደችውን ልጅ አቅፎ ይሄዳል። መርማሪው ጊትስ ሁሉንም ደርሶበታል፤ መድረሱ ግን ማንንም አላዳነም። ኤቭሊንን ለመርዳት የወጠነው ሁሉ ወደ ሞቷ የሚወስድ መንገድ ሆነ። ፊልሙ ሲያልቅ ያናድዳል። ግን ንዴታችን አድራሻ አለው። ጥፋተኛውን በስም እናውቀዋለን፤ የጎደለው ፍርዱ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብደው አድራሻ የሌለው ንዴት ነው። የደቡብ ኮሪያው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ በ2003 ያወጣው «የግድያ ትዝታዎች» እንዲህ ያለውን ንዴት ነው ያሸከመን። ፊልሙ መሠረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። ከ1986 እስከ 1991 ባለው ጊዜ በህዋሶንግ ገጠር አሥር ሴቶች ተገድለዋል፤ ፊልሙ ሲሠራ ገዳዩ ገና አልታወቀም ነበር። የገጠሩ መርማሪ ፓርክ «ዓይኑን አይቼ አውቀዋለሁ» ባይ ነው። ከሴኡል የመጣው ሶ ደግሞ «ሰነድ አይዋሽም» ይላል። ፓርክ አእምሮው ያልዳበረ የመንደር ልጅ ይዞ ያስደበድባል፤ የጫማ ዱካ ሳይቀር ይፈበርክበታል። ፍንጭ ሲጠፋበት ጠንቋይ ቤት ይሄዳል። ዘመኑ የወታደሮች አገዛዝ ነበርና፣ ገዳዩ በሚጠበቅበት ሌሊት ተጨማሪ ኃይል ሲጠየቅ፣ ኃይሉ ሰልፍ ሊበትን ሄዷል የሚል መልስ ይመጣል። ትዕይንቷ አጭር ናት፤ ካላስተዋሏት ታልፋለች።

ቀስ በቀስ ሁለቱ መርማሪዎች ቦታ ይለዋወጣሉ። ሶ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ጀርባዋ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አይቶ ነበር። ያንኑ ፕላስተር በኋላ ከሬሳዋ ላይ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ሰነድ ብሎ ነገር የለም። በዝናብ፣ ባቡር ከሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ፣ የተጠረጠረውን ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ መሬት ላይ ጥሎ ይደበድበዋል፤ ሽጉጥ ደቅኖ «እመን!» ይለዋል። በዚህ ሰዓት ዶርማችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «እሱ ነው፤ ምን ይጠብቃል!» ይላል። ግማሹ «ማስረጃው የታለ!» ብሎ ይጮኻል። ከአሜሪካ የሚጠበቀው የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት ይደርሳል፤ አይገጥምም። ወጣቱ እጁ በካቴና እንደታሰረ ወደ ጨለማው ዋሻ ይገባል። ፊልሙ ንጹሕ ነው አይልም፤ ጥፋተኛ ነውም አይልም።

ዓመታት ያልፋሉ። ፓርክ ፖሊስነቱን ትቶ በንግድ የሚተዳደር ሰው ሆኗል። የመጀመሪያዋ ሬሳ ወደተገኘችበት የእርሻ ቦይ ተመልሶ አጎንብሶ ያያል። አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሌላ ሰው እንዲሁ ሲያይ እንደነበር ትነግረዋለች። መልኩስ? እንደማንኛውም ሰው ነው። ፓርክ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደ እኛ፣ ያያል። አለቀ።

«ገንዘባችን ይመለስ!» አለ አንዱ፤ በነፃ እያየ። ቀልዱ ግን ክርክሩን አላበረደውም። ሰው እንዲህ «ይያዝልኝ» እያለ የሚንገበገበው ለምንድን ነው?

የአገራችንን ታሪክ ያገላበጠ ሰው ሌባ ሻይን ያውቃል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ ስርቆት ሲፈጸም ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ያስኬዱታል፤ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ሌባው ተገኘ ይባላል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጉድ ሌባውን መሳቱ ብቻ አይደለም። ሌባ ማጣት የማይችል መሆኑ ነው። ልጁ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርማ! መዝገቡ ሁልጊዜ ይዘጋል፤ አገር ሁልጊዜ ይረካል፤ አንድ ባለቤት ግን ሁልጊዜ ይጠየቃል። እንግዲህ መብረቅ ጠርቶ የሚያልቀው ፊልም፣ ጠንቋይ የሚያማክረው ፓርክና ሌባ ሻይ ዘመዳሞች ናቸው። ሦስቱም የሚመልሱት «ማን አደረገው?» የሚለውን ሳይሆን «መቼ ነው የምናርፈው?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ይህ የፊልም ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እውነተኛው ታሪክ በኋላ የሆነውን ይስማ። በ2019 የዲኤንኤ ምርመራ ገዳዩን አጋለጠው። ሰውየው በ1994 የሚስቱን እህት ገድሎ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት እስር ቤት ውስጥ ነበር። የህዋሶንጎቹ ግድያዎች የይርጋ ዘመን በ2006 አልፎ ስለነበር በእነሱ ሊከሰስ አልቻለም። በ2020 ለምስክርነት ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ፊልሙን እስር ቤት ሆኖ እንዳየውና ምንም እንዳልተሰማው ተናገረ። ያ የፓርክ እይታ ባለቤቱ ዘንድ ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ ዓይኑንም አላርገበገበውም።

እኛን ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው። ከአሥሩ ግድያዎች ስምንተኛው ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። በ1989 አንድ ሰው ተያዘ፣ አመነ ተባለ፣ ተፈረደበት፣ 20 ዓመት ያህል ታሰረ። በ2020 ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ንጹሕ ነው ተባለ። የእምነት ቃሉ በማሰቃየት የወጣ ነበር። እስቲ ልብ እንበል፤ በዚያን ዘመን ከአሥሩ መዛግብት መጨረሻው ያማረለት ይህ አንዱ ነበር። በቪዲዮ ቤት ሕግ ብንሄድ የሚጨበጨበው ለእሱ ነው። ሴቶቹ ግን እስከ 1991 ድረስ መገደላቸውን አላቆሙም።

«የሟች እናትስ? ክፍት ፍጻሜ ለእሷ ምን ያደርግላታል?» ብሎ የሞገተን ጓደኛ አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላል የሚመለስም አይደለም። ያልተዘጋ መዝገብ እናትን አያጽናናም። የውሸት ፍርድ ግን ልጇን አይመልስላትም፤ ገዳዩንም ከደጇ አያርቀውም፤ በላዩ ላይ የሌላ እናት ልጅ ይቀማል።

ይህ ሲባል ግን ያልተቋጨ ሁሉ ጥበብ ነው ማለታችን አይደለም። «ደግም ክፉም ሰው የለም» እያሉ በዚያ የሚነግዱ ፊልሞችም ሞልተዋል። ገዳዩ መልከ መልካም፣ ሙዚቃው ልብ የሚሰርቅ፣ ሟቹ ግን ስም እንኳ የሌለው ይሆናል። «ማን እንደሆነ አናውቅም» እና «ማንም ቢሆን ግድ የለንም» ለየቅል ናቸው። እኛ የምንለያቸው በሟቹ ነው። ፊልሙ ሟቹን ካስረሳን፣ ድንግዝግዙ መሸሸጊያ ሆኗል። ያችን ፕላስተር ከዓይናችን እንዳትጠፋ ካደረጋት ግን፣ ፍጻሜ የነፈገን ለሟቿም በሐሰት ሊያዝ ለሚችለው ሰውም ብሎ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ወንጀለኛው ሳይያዝ መብራት ሲበራ፣ ዳይሬክተሩን ከመስደባችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። ሰውየው ተይዞ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ራሱ መሆኑን በምን እናውቅ ነበር? የለም፣ ተመልካች ፍርድ ሳያይ መሄድ የለበትም የሚል ካለ፣ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ይምጣብን።