የእህታችን ፍሪጅ እና ያላነበብነው መስመር



በ2017 ዐረፋ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው እህታችን ከጅዳ ቦንጋ ገባች። ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ "እንኳን ደህና ገባሽ" ብሎ ሄደ። ከዒሻ በኋላ ውሃ ጠማትና ተነስታ ሳሎን ጥግ የቆመውን ፍሪጅ ከፈተችው። መብራቱ አልበራም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ኪታቦቻችን ተደርድረዋል። መሐሉ ላይ የታጠፈ መስገጃና ነጠላ አለ። ከታች፣ አትክልት የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ የልጆች ጫማ።

ምንም አልተናገረችም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችውና ከጀሪካን ቀድታ ጠጣች።

ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ስትጠይቀን "ፍሪጁማ ይሠራል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው በረዶ ነው" ስንላት የኖርነው እኛ ነን። እኛ ስንል እናታችንን፣ ሦስት ወንድማማቾችንና በቤቱ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው። ከመካከላችን አንዱ ኪታብ የቀራ፣ የመስጂዱ ኢማም ረዳት የሆነ፣ ሰውን ስለ አማና የሚያስተምር ነው። ይህን የሚጽፍላችሁም እሱ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንናገር። እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። እህታችን ይህን ከሰማች ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ደመወዟ በወር 1,000 ሪያል ነው። ከዚያ ላይ እያጠራቀመች፣ ከጓደኞቿ ጋር እቁብ ገብታ፣ ጅዳ ካለ ሱቅ ፍሪጁን ገዛች። ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚመለስ የሰፈራችን ሰው ከራሱ ጓዝ ጋር በኮንቴይነር ጫነላት። በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ቦንጋ የደረሰው በ2015 ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር።

ሰፈሩ ሊያየው መጣ። "ቦንጋ ራሷ ፍሪጅ አይደለች እንዴ?" ብለው የቀለዱም ነበሩ። በሩ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ ካርድ ተገኘ፤ ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። ያ ኪታብ የቀራው ወንድም ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ አነበበው፦ ዶማን፣ ሁለት ዓመት። እናታችን ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችና ካርዱን ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀመጠችው። ከትልቁ ጽሑፍ ስር ደቂቅ መስመሮች ነበሩ። እነሱን አላነበብናቸውም።

ሶኬቱ የእኛን ግድግዳ አልገባ አለ። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ እንግሊዞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ታናሻችን በቢላ ቆርጦ የእኛውን ሶኬት ገጠመለት። ሠራ። ረመዳንን በሙሉ ኢፍጣር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣን፤ የጎረቤቱ ጁስ ሁሉ እኛ ቤት ቀዘቀዘ። ዒድ ካለፈ በኋላ ግን ከጀርባው እንደ ንብ መጮህ ጀመረ፤ እጅ ሲነካው ያቃጥላል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ዝም አለ።

የቦንጋው ጠጋኝ "ጋዝ ጨርሷል" ብሎ 3,500 ብር አለ። ለእህታችን ደወልን፣ ላከች። ጋዝ ተሞላ፣ ዘጠኝ ቀን ሠራ። ሌላው መጥቶ "ማስነሻው ነው" ብሎ በ800 ብር ቀየረው፤ ያንን እኛ ከፈልን። ሦስት ቀን። በመጨረሻ በፒክአፕ ጭነን፣ ጎጀብን ተሻግረን ጅማ ወሰድነው። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመኪናው ኪራይ ለብቻው ሌላ ታሪክ ነው። ጅማ ያሉት ሽማግሌ ጠጋኝ፣ ሰው ሁሉ "ኢንጂነር" የሚላቸው፣ ፍሪጁን ገና ሳይከፍቱ ወደ ግድግዳ አዞሩትና ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት በጣታቸው ጠረጉ። "60 ኸርዝ" አሉ። "ልጆቼ፣ ይህ ለሳዑዲ መስመር የተሠራ ነው።"

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቤታችሁ ውስጥ ከዐረብ አገር የመጣ ዕቃ ካለ ይጠቅማችኋልና። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የሳዑዲው 60 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት ኮረንቲው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግር ቁጥር ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ይወርዳል፤ የሚስበው ኮረንቲ ግን ይጨምራል፣ ይግላል። ወዲያው አይሞትም። ቀስ እያለ ነው የሚቃጠለው፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። ከዚህ የባሰም አለ፦ ሳዑዲ ውስጥ ብዙ ቤቶች ለረጅም ጊዜ በ127 ቮልት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ወደ 230 እንዲቀየር የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፣ እሱም ቀስ በቀስ። ለ127 ብቻ የተሠራ ዕቃ እዚህ ሲሰካ የሚቆየው ለሰከንዶች ነው። የጎረቤታችን ጁስ መፍጫ ሱሁር ላይ አንዴ "ጧ" ብሎ ያለቀው እንዲህ ነበር። ዱባይ፣ ኩዌት፣ ቀጠር ያሉ እህቶች ዕድለኞች ናቸው፤ የእነሱ መስመር እንደኛው 50 ነው። ስለዚህ ሰው ስለ ዕቃው ቀለምና ስፋት ከመጠየቁ በፊት ከጀርባው ያለችውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክ። "220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ" ወይም "50/60" የሚል ከሌለበት፣ በነፃ ቢሰጣችሁም አታስጭኑት። ኢንቨርተር የሚባሉት የሞተራቸውን ፍጥነት ራሳቸው ስለሚቆጣጠሩ ይሻላሉ፤ ወረቀቷ ግን ለእነሱም ትነበብ።

ኢንጂነሩ ኮምፕረሰሩን በ50 ኸርዝ ካልቀየርነው ሌላው ልፋት ከንቱ እንደሆነ ነገሩን። ከነእጅ ዋጋው 18,000 ብር። ያን ጊዜ አንድ ሪያል በባንክ ከ14 ብር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከአንድ ወር ደመወዟ በላይ መሆኑ ነው። ደወልንላት። "ዶማን አለው አይደል?" አለችን። ካርዱ ያኔ ነው ከካርታው መሐል የወጣው። ደቂቋን ጽሑፍ አሁን አነበብናት፦ ዶማኑ የሚሠራው በዚያው አገር ውስጥ ብቻ ነው፤ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ በኮረንቲ መዛባት የመጣ ብልሽት አይመለከተውም። እሷም በጁሙዓ ዕረፍቷ ሱቁ ድረስ ሄዳ ጠየቀች። "ዕቃውን አምጪው" አሏት። ፍሪጁ ጅማ፣ እሷ ጅዳ። እየሳቀች ነው የነገረችን፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ገንዘቡን ላከች። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅናትም።

አሁን የሚከብደውን እንናገር። ያ ገንዘብ በእጃችን በገባበት ሳምንት የመሐለኛው ወንድማችን ኒካህ ነበር። በግ ተወደደ፣ የድንኳን ኪራይ ጎደለ። "ለጊዜው ነው፤ ቡና ሲለቀም እንተካዋለን" ተባባልን። 11,000 ብሩ ለወሊማ ሄደ። የቀረውም በቤት ወጪ አለቀ፤ እሱን እናታችን አውቃ ስለነበር እዚህ አንቆጥረውም። ቡናው ተለቀመ፣ ሌላ ጉድለት ሞላ። ፍሪጁ ሳይጠገን ከጅማ ተመልሶ ሳሎን ቆመ። እህታችን ስትደውል "ተሠራ" አልን። አንዴ ከተባለ በኋላ ሁለተኛው ቀለለን። የእናታችንን ኢንሱሊን በሸክላ ማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለተከፈተው ብልቃጥ ፀሐይ እስካልነካውና እስካልሞቀ ድረስ እስከ አራት ሳምንት ችግር እንደሌለው ነገረችን፤ ያልተከፈተውን ደግሞ ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ አኖረችልን። የቦንጋ አየርም አገዘን። እናታችን አልተጎዳችም፣ አልሐምዱሊላህ። ይህም ለውሸታችን ምክንያት ሆነልን፤ "ማንን ጎዳን?" እንል ነበር።

እህታችን ፍሪጁን በከፈተች ማግስት የኢማሙ ረዳት ሸኻችን ዘንድ ሄዶ ነገሩን አንድም ሳያስቀር አወራላቸው። ሸኻችን ሲያዳምጡ አይቸኩሉም። ሲጨርስ "የዶማንን ባብ ቀርተሃል አይደል?" አሉት። ቀርቷል። ዶማን በኪታባችን የሌላውን ዕዳ በራስ ላይ መውሰድ ነው፤ ባለ ዕዳው ፈቅዶለት የከፈለ ዋስ የከፈለውን ከባለ ዕዳው የመጠየቅ ሐቅ አለው። "የሱቁ ዶማን ከባሕሩ ወዲያ ቀርቷል" አሉ። "ከዚያ ወዲህ ፍሪጁ በተበላሸ ቁጥር ስትከፍል የኖረችው ማን ናት? ዋስ ያደረጋችሁት እሷን ነው። ለዚያውም ሳትጠይቋት።" ቀጥለውም ሌላውን አነሱ፦ ለኮምፕረሰር ተብሎ የተላከ ገንዘብ በእጃችሁ አማና ነው፤ እናንተ ወኪል ናችሁ፤ ወኪል ከታዘዘው ውጭ ካወጣ ይተካል።

ይተካል፤ ግን በስንት? በ2015 የወሊማው 11,000 ብር ወደ 760 ሪያል ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ያው 11,000 ብር ያን ጊዜ ከ310 ሪያል ብዙም አይዘልም ነበር። 11,000 ብር ብንመልስላት ቁጥሩ ሞልቶ ላቧ ከግማሽ በላይ ይጎድላል። ሸኻችን በዚህ ላይ ዑለማዎች የተለያየ ሐሳብ እንዳላቸው፣ ብዙዎቹ በተቀበላችሁት ገንዘብ ዓይነትና ቁጥር መልሱ እንደሚሉ ነገሩን፤ ከዚያ ዝም ብለው አዩን። ወንድማማቾቹ ማታ ተቀምጠን በሪያል እንዲሆን ተስማማን። ከ26,000 ብር በላይ ነው። ባለ ወሊማው ወንድማችን መጀመሪያ ተቆጣ፣ "በጉን ብቻዬን በላሁት እንዴ?" አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ለሦስት ተካፈልነው፤ በየወሩ 3,000 ብር።

ለእህታችን ስንነግራት "የፍሪጁ አይደለም የከፋኝ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ይቅር ብላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አፍ አውጥተን አልጠየቅናትም።

ከመመለሷ በፊት ግን አንድ ቀን "ተነሱ፣ ጅማ እንሂድ" አለችን። ትንሽዬ ፍሪጅ፣ በብር፣ እዚሁ አገር ውስጥ። ሱቁ ውስጥ የሆነችው ነገር ገርሞናል። መጀመሪያ ጀርባውን አስዞረችና ወረቀቷን አነበበች። እዚያው አሰክታ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ጠበቀች። ባለ ሱቁ "እህቴ፣ እኔን አታምኚኝም?" ሲል "አምንሃለሁ፣ ጻፍልኝ" አለችው። የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የተሸጠበት ቀን፣ ማኅተም፣ ደረሰኝ። ጉድለት ቢገኝበት በ15 ቀን ውስጥ የማስቀየር ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት በሕግ እንዳላት ነገረችው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 813/2006ን ማለቷ ነው፤ እኛ አገር ውስጥ ተቀምጠን የማናውቀውን ጅዳ ካለች ጓደኛዋ ነው የሰማችው። ከዚያ የጋራንቲውን ካርድ ደቂቅ ጽሑፍ አንድ በአንድ አስነበበችው። ጥገናው የት ነው? "አዲስ አበባ" አለ። ከቦንጋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። "ታዲያ የመጫኛውን ማን ይችላል?" ባለ ሱቁ ራሱን አከከ። የአገር ውስጥ ጋራንቲም ለእንደኛ ዓይነቱ ሩቅ ነው፤ እሷ ግን ይህን ከመክፈሏ በፊት አወቀችው፣ ዋጋም አስቀነሰችበት። በቀነሰው ገንዘብ ኮረንቲ መጠበቂያ ገዛች፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት።

የኢንሱሊኑ ብልቃጥ አሁን እሱ ውስጥ ነው። ትልቁ ፍሪጅ ግን አልወጣም፤ ኪታቦቹን ከእርጥበት ስለሚጠብቅ እናታችን አላስወጣም ብላለች።

ባለፈው ሐሙስ የአራተኛውን ወር 3,000 ብር እናታችን ባወጣችው የባንክ ደብተሯ አስገባንላት። "ገብቷል፣ አላህ ይቀበላችሁ" ብለን የራሳችንን ምርቃት ስንጠብቅ ከጅዳ አጭር መልእክት መጣ፦ "ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።"

ላክንላት።