ጽሑፍ የሌለበት ቅባት

አዲስ መጪ እኅቶች «ምን እንቀባ?» እያሉ ስለሚጠይቁን የደረሰብንን እንጻፍ። በ2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ በገባን በጥቂት ወራት ውስጥ ለእናቶቻችን ፎቶግራፍ ልንልክ አሰብን፤ ፀሐይና አቧራ የጠበሰው ፊታችን ግን አሳፈረን። ከኩልና ከጠጉር ቅቤ በቀር መኳኳያ አናውቅም ነበርና፣ ለስኳር ባስቀመጥነው ገንዘብ ከገዳሪፍ የመጣ፣ ጽሑፍ የሌለበት ፊት የሚያነጣ ቅባት ገዛን። መጀመሪያ ቀላን፤ ቀጥሎ ተላጥን። እንዲህ ባለው ቅባት ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር፣ ኩላሊትም ሊጎዳ እንደሚችል የሰማነው ኋላ ነው።

አንዲት ሱዳናዊት ሻይ ሻጭ አይታን አዘነች። ድልካ አሳየችን፤ ይኸውም የማሽላ ሊጥ በጠልህ እንጨት ጢስ ታጥኖ፣ በቅርንፉድ ተለውሶ ገላ የሚታሽበት ነው። ወይባ ለምናውቅ ባዳ አልሆነብንም። «ለፊታችሁ ግን ገና ነው» አለችን፤ እስኪድን ውኃ፣ ቫዝሊንና ጥላ ብቻ። (ውኃውስ ቢሆን በወረፋ አይደል!)

ፎቶግራፉን ዘግይተን ተነሣን። ጠቁረናል፤ ኩሉ ግን አምሮብናል።